ሕልም ጠብቄ ሕልም አላየሁም

ጥያቄ፦ አባቴ፣ እንደምን ሰነበቱ? በደብረ ብርሃን አዋላጅ ነርስ ነኝ። አንድ የድሬዳዋ መምህር ለጋብቻ ጠይቆኝ ሽማግሌ ሊልክ ነው። ከተጋባን ወደ እርሱ መሄዴ አይቀርም። እናቴ የደም ግፊት አለባት፤ ከእኔ በቀር አብሯት የሚኖር የለም። የእግዚአብሔር ፈቃድ እንዲገለጥልኝ በጾመ ፍልሰታ ሱባኤ ገብቼ ሕልም ብጠብቅ ምንም አላየሁም። መጽሐፍ ቅዱስን ዐይኔን ጨፍኜ ብገልጥ የትውልድ ዝርዝር ወጣልኝ። የዝውውር ማመልከቻዬም ተቀባይነት ስላላገኘ ጓደኛዬ «ፈጣሪ በሩን ዘጋው» ትለኛለች። አክስቴ ደግሞ የሁለታችንን ስም ከእናቶቻችን ስም ጋር ደምሮ ኮከባችንን የሚያይ ሰው ዘንድ እንሂድ እያለች ነው። ምን ይመክሩኛል?
ወለተ ሚካኤል

መልስ፦ ልጄ ወለተ ሚካኤል፣ በአክስትሽ ልጀምርና ቶሎ ልለፈው። አትሂጂ። የሰው ስም ተደምሮ በ12 ስለ ተገደፈ (ተካፍሎ ቀሪው ስለ ታየ) ትዳር አይጸናም፣ አይፈርስምም። ቆጣሪው ነጭ መጠምጠሚያ ማሰሩ ነገሩን ክርስትና አያደርገውም። ጥንቆላን የሚከለክለውን ዘዳግም 18ን ከአክስትሽ ጋር አብራችሁ አንብቡት።

ሱባኤሽ ከንቱ አልሆነም። ጾመሻል፣ ሰግደሻል፣ ጸልየሻል። ሕልም የሚገዛበት ገንዘብ ግን አልነበረም።

ምልክት የሚፈልጉ ሰዎች ሁልጊዜ ጌዴዎንን ይጠቅሱልኛል። ጌዴዎን የተባዘተውን የበግ ጠጉር አውድማ ላይ ያኖረው፣ እስራኤልን እንዲያድን ከታዘዘ በኋላ ነው። ፈቃዱን ያውቅ ነበር፤ የጎደለው ድፍረት ነው። «ሐዋርያትስ በዕጣ ማትያስን መርጠው የለም ወይ?» የሚሉኝም አሉ። መርጠዋል፤ ያ ግን ከበዓለ ሃምሳ በፊት ነው። መንፈስ ቅዱስ ከወረደ በኋላ በሐዋርያት ሥራ ዕጣ ሲጥሉ አናነብም። በምዕራፍ 15 የአሕዛብ ግዝረት ጉዳይ ሲነሣ ኢየሩሳሌም ላይ ተሰብስበው ብዙ ተከራከሩ፤ ጴጥሮስ ተናገረ፣ በርናባስና ጳውሎስ ያዩትን መሰከሩ፣ ያዕቆብ የነቢያትን ቃል ጠቅሶ ሐሳቡን ሰጠ። ውሳኔያቸውን በደብዳቤ ሲልኩም መንፈስ ቅዱስና እነርሱ እንደ ፈቀዱ ጻፉ። ያንን ሁሉ ክርክር መንፈስ ቅዱስ የሌለበት የሰው ወሬ አላሉትም።

ስለ ተዘጋው በርም ላንሣ። ጳውሎስ በጢሮአዳ የመቄዶንያ ሰው ሲለምነው በራእይ አይቶ ባሕር ተሻገረ። ፊልጵስዩስ ላይ በበትር ተደበደበ፣ እግሩ በግንድ ተጠርቆ ወኅኒ ገባ። በጓደኛሽ ስሌት ቢሆን ኖሮ ከዚያው ወደ ኋላ በተመለሰ ነበር። የአንድ ቢሮ «አይቻልም» የእግዚአብሔር ድምፅ ሆኖ አይቆጠርም፤ ክፍት የሥራ መደብ ጠፍቶ ይሆናል። በሚቀጥለው ዙር እንደገና አመልክቺ።

ለአንቺ የሚቀርበው ዘፍጥረት 24 ነው። የአብርሃም ሎሌ ለይስሐቅ ሚስት ፍለጋ ሄዶ በውኃው ጉድጓድ አጠገብ ምልክት ለመነ፤ ውኃ ሲለምናት «ግመሎችህን ደግሞ አጠጣለሁ» የምትለው ልጅ እርሷ ትሁን አለ። ሎሌው 10 ግመሎች ይዞ ነበር። ረጅም መንገድ ለመጣ ግመል፣ ያውም ለዐሥር፣ በእንስራ ቀድቶ ማጠጣት ወገብ ይቆርጣል። እንግዲህ ሎሌው የለመነው ምልክት የልጅቱን ጠባይ የሚያሳይ ነበር። ምልክቱ ከተገኘ በኋላም ቤተሰቧ ርብቃን ጠርተው «ከዚህ ሰው ጋር ትሄጃለሽን?» አሏት። «እሄዳለሁ» አለች። ያ ሁሉ ጸሎትና ምልክት የእርሷን ቃል አላስቀረውም።

ደብዳቤሽን ደግሜ አነበብሁት። ስለ ሰውየው ሥራውንና ከተማውን ብቻ ነገርሽኝ። ሲቆጣ እንዴት እንደሚሆን፣ ደመወዙን ምን ላይ እንደሚያውለው፣ የንስሐ አባት ይኑረው አይኑረው አልጻፍሽም። እንደምትወጂውም አላልሽኝም። እናትሽን በአንድ መስመር አለፍሻት፤ ለእኔ ግን ደብዳቤው ሁሉ ስለ እርሷ መሰለኝ። ምናልባት «እናትሽን ትተሽ ሂጂ» የሚለውን ከባድ ቃል ሕልም እንዲናገርልሽ ፈልገሽ ይሆን?

እናትሽን አስቀምጠሽ ጠይቂያት። እናት እንዲህ ያለውን ነገር ሳይነግሯትም ትጠረጥራለች። የደብረ ብርሃንን ብርድ ለለመደች ሴት የድሬዳዋ ሙቀት ይስማማት እንደሆነ ከሐኪሟ ጋር ተነጋገሩ፤ ይህን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂበታለሽ። ከዚያ መምህሩን በስልክ ሳይሆን ፊት ለፊት «እናቴ ከእኛ ጋር ብትኖርስ?» በይው። የርብቃ ግመሎች ለአንቺ እዚህ ላይ ናቸው። የቱን ክፍል እንደሚለቅላት፣ መድኃኒቷን የት እንደሚያገኝላት ወዲያው ማሰብ ከጀመረ ልብ በይ። «እሱን በኋላ እናየዋለን» ካለም ልብ በይ።

ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ሁለታችሁም የንስሐ አባትሽ ዘንድ ቅረቡ። ሠርጉን ለጥር ካሰባችሁት ደግሞ ቀኑን ለደብሩ አስቀድማችሁ አሳውቁ። በአንዳንድ ዓመት ከጥምቀት እስከ ነነዌ ጾም ያለው ጊዜ በጣም አጭር ነው፤ ተክሊል የሚፈልገው ሙሽራ ሁሉ ያኔ ስለሚሰለፍ ካህናቱ ፋታ አያገኙም።