«ከወለድሽ በኋላ ነይ»፣ የወንጂ ጥርስና ሌሎች ጥያቄዎች

በዚህ ሳምንት ነፍሰ ጡሮች በጥርስ ጥያቄ አጨናንቀውኛል። ይሁን፤ እንጀምር።

የሦስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ስቦርሽ ድዴ ስለሚደማ መቦረሽ ትቻለሁ።

ዛሬ ማታውኑ ጀምሪ። በእርግዝና ሆርሞን ሲጨምር ድድ ቁጡ ይሆናል፤ ጥርስ ሥር የተጋገረች ትንሽ ቆሻሻ እንኳ ታሳብጠዋለች። መቦረሽ ስትተዪ ቆሻሻው ይከማቻል፣ ደሙም ይብሳል። ለስላሳ ቡርሽ ግዢና ጠዋትና ማታ ቀስ ብለሽ ቦርሺ። ለማንኛውም የጥርስ ሐኪም ይየው።

ጠዋት ጠዋት ያስመልሰኛል። ወዲያው እቦርሻለሁ፤ ጥሩ ነው አይደል?

አይደለም። የጨጓራ አሲድ የጥርስን ላይኛ ሽፋን ለጊዜው ያለሰልሰዋል፤ ያኔ ስትቦርሺው ትፍቂዋለሽ። አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በአንድ ብርጭቆ ውሃ በጥብጠሽ ተጉመጥመጪ። ከሌለ ውሃ ብቻ። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይተሽ ቦርሺ። (ሶዳ ነው ያልኩት፤ የኬኩ ቤኪንግ ፓውደር ሌላ ነው።)

መፋቂያ ይበቃል?

የወይራ መፋቂያ ጥሩ ነው፤ ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙናም ጨምሪበት።

ቀጣዩ ረጅም ደብዳቤ ነው፤ ላሳጥረው። ጸሐፊዋ ስድስተኛ ወሯ ነው። መንጋጋዋ ተቦርቡሮ ሌሊት አያስተኛትም። አማቷ «እርጉዝ ጥርስ አትነካም» ብለው አረቄ በጥጥ ነክረው ሰጧት። ክሊኒክ ብትሄድ «ከወለድሽ በኋላ ነይ» ተባለች። አሁን ዲክሎፌናክ የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ እየዋጠች ትውላለች።

እህቴ፣ ሳነበው ተናደድኩ፤ ባንቺ እንዳይመስልሽ። ይቺ «ከወለድሽ በኋላ» የምትባል መልስ ስንቷን ሴት ሌሊቱን ሙሉ ስታስለቅስ ኖራለች! ሦስት ወር ታገሺ ማለት እኮ ሦስት ወር አትብዪ፣ አትተኚ ማለት ነው። ኢንፌክሽኑም ቀጠሮ አያከብርም። ጥርስ በእርግዝና ይሞላል፣ ካስፈለገም ይነቀላል። እንዲያውም ከ4ኛው እስከ 6ኛው ወር ምቹ ጊዜ ነው፤ ማቅለሽለሹ አልፏል፣ ሆድሽም ገና በጀርባ መተኛት አልከለከለሽም። ሊዶኬይን የሚባለው ማደንዘዣ ለነፍሰ ጡር ይሰጣል። የጥርስ ራጅ ጨረሩ ትንሽ ነው፤ ያውም የሚያነጣጥረው ጉንጭሽ ላይ ነው።

ዲክሎፌናኩን ግን ዛሬ አቁሚ። ከ20ኛው ሳምንት ወዲህ የፅንሱን ኩላሊት ሊጎዳ፣ የሽርት ውሃውን ሊያጎድል ይችላል። ስትወስጂው እንደከረምሽ በክትትልሽ ላይ ተናገሪ። እስክትታከሚ ፓራሲታሞል ይሻላል፤ እሱም በልኩ። ቤት የተረፈ ቴትራሳይክሊን (አንቲባዮቲክ ነው) ካለ እንዳትነኪው፤ የልጅሽን ጥርስ ያበልዛል። አረቄውን ለአማትሽ መልሺላቸው፤ በአክብሮት።

ነገ ሌላ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ስንት ወርሽ እንደሆነ ቀድመሽ ንገሪው። «ሐኪም አማክሪ» የምለው ለወግ እንዳይመስልሽ። ፊትሽ ካበጠ፣ ካተኮሰሽ ወይም መዋጥ ካቃተሽ ነገም አትበዪ፤ አሁኑኑ ሆስፒታል።

ወንጂ ነው ያደግሁት፤ ጥርሴ በልዟል። ልጄ ይወርሰኛል?

አይወርስሽም። ያንቺን ያበለዘው ልጅ ሳለሽ የጠጣሽው ፍሎራይድ የበዛበት ውሃ ነው። ጉዳቱ የሚደርሰው ቋሚ ጥርሶች ድድ ውስጥ ገና ሲሠሩ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ የልጅነት ዓመታት። በጡት ወተት ውስጥ ፍሎራይዱ በጣም ጥቂት ስለሆነ 6 ወር ጡት ብቻ ስጪው። ከዚያ በኋላ የሚጠጣው ውሃ ከየት እንደሚቀዳ አጣሪ። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። አፍልቼ አጠጣዋለሁ እንዳትዪ፤ ውሃው ይተናል፣ ፍሎራይዱ እዚያው ይቀራል።

እናቴ በየልጁ አንድ ጥርስ እንደከፈለች ታወራለች። ሚስቴም እንዲሁ ልትሆን ነው?

ፅንስ ካልሲየም ከጥርስ አይወስድም። ጥርስ የሚያሳጣው በጊዜ ያልታከመ ቀዳዳ ነው። ሚስትህን አስመርምራት፤ ከፋዩ አንተ ነህ።