መልስ፦ ሁለቱ ፕሬዚዳንቶች የሞቱበት ቀን በእኛ አቆጣጠር

ሁለቱ የቀድሞ የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች በእርግጥ በአንድ ቀን ሞቱ ወይ፣ ቀኑስ በእኛ አቆጣጠር ለምን ይለያያል ብለው ጠይቀውኛል። አዎ፣ እውነት ነው። ጆን አዳምስና ቶማስ ጄፈርሰን የሞቱት ጁላይ 4 ቀን 1826 ነው፤ የአሜሪካ የነጻነት አዋጅ በጸደቀ ልክ በ50ኛ ዓመቱ። ጄፈርሰን እኩለ ቀን አልፎ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ አዳምስ ደግሞ አመሻሹ ላይ ማሳቹሴትስ ውስጥ። ወሬ የሚሮጠው በፈረስ ነበርና አዳምስ የጓደኛውን ሞት ሳይሰማ አረፈ። ሌላው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጄምስ ሞንሮም በ1831 በዚያው ቀን ሞተ።

የተቸገሩበት የቀን ልዩነት ግን የስሌት ስህተት አይደለም። ጁላይ 4፣

1. በ1776 ሰኔ 29 ቀን 1768 ዓ.ም.፣
2. በ1826 ሰኔ 28 ቀን 1818 ዓ.ም.፣
3. ዛሬ ደግሞ ሰኔ 27 ነው።

ፈረንጆች በ1800 እና በ1900 ፌብሩዋሪ 29ን (እንደ እኛ ጳጉሜ 6 ያለውን ተጨማሪ ቀን) ስለዘለሉ፣ በሁለቱም ጊዜ አንድ አንድ ቀን ተንሸራተተ። ስለዚህ በእኛ አቆጣጠር የ50ኛ ዓመቱ ግጥምጥሞሽ ይፈርሳል! በጽሑፍዎ የፈረንጁን ቀን ያስቀድሙ፤ የእኛን በቅንፍ ያድርጉት።

አንድ ነገር ይጠንቀቁ፦ «አዋጁ ጁላይ 4 ተፈረመ» ብለው አይጻፉ። እኔ ጽፌ በአንባቢ ታርሜያለሁ። ያን ቀን ጽሑፉ ጸደቀ እንጂ፣ አብዛኞቹ የፈረሙት ኦገስት 2 ነው።