ፎቶ ለምትደረድሩ ልጆች

እንደምን ሰነበታችሁ ልጆች? ይህን የምጽፈው አልበም ዲዛይን ለጀመራችሁ፣ በየሰፈሩ ፎቶ ቤት ኮምፒውተር ፊት ለተቀመጣችሁ ነው። እኔ ሥራውን የጀመርኩት ጨለማ ክፍል ውስጥ፣ በቀይ አምፖል ነው። ዛሬ ያው ፎቶሾፕ ላይ ነኝ። ትንሽ ወሬ ካበዛሁ ታገሱኝ።

ብዙዎቻችሁ ሥራውን ከጭራው ትጀምራላችሁ። ከኢንተርኔት ዘጠኝ ሳጥን ያለው ቴምፕሌት፣ ማለትም አስቀድሞ የተዘጋጀ የገጽ ንድፍ፣ ታወርዱና ዘጠኙን የሚሞላ ፎቶ ፍለጋ ትገባላችሁ። ደህና ፎቶ ያለው ስድስት ነው እንበል። የቀረውን ከየትም ትለቅማላችሁ፤ ዓይኗን የጨፈነች ሙሽራ፣ ጀርባውን የሰጠ አጎት፣ ማንም ያልጠየቀው የኬክ ፎቶ። ለምን? ስድስት ከሆነ የስድስት ሳጥን ሥሩ። መጀመሪያ ፎቶውን ምረጡ፣ ሳጥኑ በኋላ ይመጣል።

ሳጥን መሥራት ደግሞ ምንም አይደለም። ፎቶሾፕ ላይ ቪው የሚለው ሜኑ ውስጥ ግቡና ኒው ጋይድ ሌይአውት በሉት። ስንት ዓምድ፣ ስንት ረድፍ፣ በመካከል ስንት ክፍተት እንደምትፈልጉ ይጠይቃችኋል። መስመሮቹን ተከትላችሁ ሬክታንግል ሣሉ፣ ፎቶውን ከላዩ አስቀምጡ፣ ኮንትሮል፣ አልትና ጂ አብራችሁ ተጫኑ። ፎቶው ሳጥኑ ውስጥ ይገባል፤ ጠርዙ ተሸፈነ እንጂ አልተቆረጠም፣ እንደፈለጋችሁ ታንቀሳቅሱታላችሁ። ፎቶሾፕ የሌለው ፎቶፒያን በብሮውዘር ይክፈት፤ በነፃ ነው፣ የፎቶሾፕን የሥራ ፋይል፣ ፒኤስዲንም ይከፍታል።

መስመሩ ስላለ ግን ሁሉም ሳጥን እኩል ይሁን ማለት አይደለም። የሰርግ ገጽ እንውሰድ። ሙሽሮቹ የወላጆቻቸውን ጉልበት ሲስሙ የተነሳው ፎቶ አለ፤ እናትየው እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች። ይህ ከቀለበቱና ከጫማው እኩል ቦታ ይሰጠዋል እንዴ? አራት ሳጥን አዋህዱና ለእሱ ስጡት። ቀለበቱ፣ ጫማው፣ አበባው ከጎኑ በትንንሹ ይሰለፉ። ጫፍ ላይ የምታስቀምጡት ሰው ፊቱ ወደ ገጹ መሃል ይመልከት። ወደ ውጭ የሚያይ ከሆነ የተመልካቹንም ዓይን ይዞት ይወጣል። ግን ፎቶውን ገልብጣችሁ አታስተካክሉት፤ የነጠላው ጥለት ከግራ ወደ ቀኝ ትከሻ ሲዞር እናቶች ወዲያው ያውቁባችኋል።

አሁን እኔን በጣም ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ፤ ነጭ በነጭ ላይ። የውጭ ቴምፕሌቶች ዳራቸውም ክፍተታቸውም ነጭ ነው። የእኛ ሰርግ ደግሞ ሐበሻ ቀሚስ በሐበሻ ቀሚስ ነው። የሁለት ፎቶዎች ቀሚስ ሲጎራበት ክፍተቱ ይጠፋል፤ የአንዷ ክንድ ከሌላዋ ወገብ የበቀለ ይመስላል። ክፍተቱን ፈዘዝ ያለ ግራጫ አድርጉት፣ ወይም ጨለም ያለ ፎቶ በመካከል አስገቡ። የመልሱ ካባ ለዚህ ግሩም ነው። ጥቁር ከፋይ ላይ ያለ የወርቅ ጥልፍ ነጮቹን ለያይቶ ያሳያል።

ያው ነጭ ቀሚስ ግን ለቀለም ትልቅ ባለውለታ ነው። ድንኳን ውስጥ የተነሳ ፎቶ የሸራውን ቀለም ፊት ላይ ይዞ ይመጣል፤ ውጭ ጥላ ሥር የተነሳው ሰማያዊ ያደላበታል። ለየብቻ ስታዩአቸው ምንም አይሉም። ጎን ለጎን ሲሆኑ ያቺው ሙሽራ ሁለት ሰው ትሆናለች። የፎቶሾፕ ካሜራ ሮው ውስጥ የዋይት ባላንሱን (ነጩን ነጭ የሚያደርገውን) የጠብታ መሣሪያ ወስዳችሁ ቀሚሷ ላይ ተጫኑ፤ በፀሐይ የተቃጠለው ቦታ ላይ ሳይሆን ትንሽ ጥላ ያረፈበት ላይ። ከዚያ ሁሉንም ፎቶዎች በዓይናችሁ አቀራርቧቸው። አደራ ደግሞ፣ ጠይሟን ሙሽራ አታንጡብኝ። ደንበኛ ጠየቀ ቢባልም ለማስረዳት ሞክሩ።

ስለ መለጠጥ አንድ ነገር ልበል። በአሮጌው ፎቶሾፕ ሲኤስ 6 ፎቶ ሲሰፋ ሺፍት ካልተያዘ ይዛባል። ከፎቶሾፕ ሲሲ 2019 ስሪት ወዲህ ነገሩ ተገልብጧል፤ ዝም ብላችሁ ስትጎትቱ ልኩን ይጠብቃል፣ ሺፍት ስትይዙ ይዛባል። ቤት አዲሱን፣ ሥራ ቦታ አሮጌውን የምትጠቀሙ ጣታችሁን ጠብቁ። ሳጥኑ አልሞላ ካለ ፎቶውን በልኩ አሳድጋችሁ ከጠርዙ ይቀነስ፤ የሰው ፊት እንደ ሊጥ አይለጠጥም።

መጠን ደግሞ ሒሳብ ነው። ጥራት ላለው ሕትመት በኢንች 300 ፒክስል ያዙ። 30 በ40 ሳንቲ ሜትር የሆነ የግድግዳ ፎቶ 3543 በ4724 ፒክስል ይፈልጋል። ሪያድ ያለች እህት የልጆቿን ፎቶ በቴሌግራም ትልካለች፤ እንደ ፎቶ ከተላከ ብዙ ጊዜ ረጅሙ ጎን 1280 ፒክስል ሆኖ ነው የሚደርሰው። ይህ በ300 ሲታተም 11 ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ትንሹ ሳጥን ውስጥ ያምራል፣ ትልቁ ውስጥ ይደበዝዛል። እንደ ፋይል እንድትልክ ንገሯት። አልበም ከሆነ ደግሞ ዙሪያውን 3 ሚሊ ሜትር ለቆራጩ ተዉለት፤ ገጹ የሚታጠፍበት ቦታ ላይም የማንም ፊት አይረፍ።

ጉርድ ፎቶም ድርደራ ነው፣ ባትወዱትም እንጀራችሁ ነው። 10 በ15 ወረቀት ላይ 3 በ4 የሆነ ጉርድ አሥር ይገባል፤ ግን አምስቱ ጎን ለጎን 15ቱን ሳንቲ ሜትር ጥርግ አድርገው ይይዙታል፣ ለመቀስ ቦታ የለም። የማተሚያ ማሽኑም ጠርዝ ይበላል። ስምንት አድርጉትና በሰላም ቁረጡ።

በመጨረሻ፣ ጄፔጉን ለደንበኛው ስጡ፣ ፒኤስዲውን ለራሳችሁ አስቀምጡ፣ ሌየሮቹን፣ ማለትም የተደራረቡትን ንብርብሮች፣ አትደፍጥጡ። ፎቶዎቹንም ስማርት ኦብጀክት (ዋናው ፎቶ ሳይነካ የሚቀመጥበት ሌየር) አድርጉ። ከዓመት በኋላ ሙሽራው ይመጣል፤ ከአንዱ ሚዜ ጋር ተኳርፏል፣ ፎቶው ይቀየርልኝ ይላል። ምክንያቱን አትጠይቁት። ሌየሩ ላይ ቀኝ ክሊክ፣ ሪፕሌስ ኮንቴንትስ፣ አዲሱ ፎቶ እዚያው ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል። ሒሳብ ግን ተቀበሉት።