እየዘፈኑ ስለ ዕዳ የሚያወሩበት ፊልም

ልጆች፣ ክሊፕና አጭር ፊልም የምትሠሩትን ሳይ አንድ ነገር ልንገራችሁ እያልኩ ከረምኩ። ዕድሜዬን ከካሜራ ጀርባ ነው የጨረስኩት፤ ጡረታ ወጥቼም ዓይኔ ሥራ አልፈታም። የፍቅር ታሪክ ስትሠሩ ሁሉም ነገር ያማረ ነው። መኪናው ያማረ፣ ሆቴሉ ያማረ፣ የፀሐይ መጥለቂያው ያማረ። ግን ልጁ ምን ሠርቶ እንደሚበላ አናውቅም። የልጅቷን ቤት ኪራይ ማን እንደሚከፍልም አናውቅም።

ለዚህ ነው አንድ የቆየ የፈረንሳይ ፊልም እዩ ብዬ የምጨቀጭቃችሁ። «የሼርቡር ጃንጥላዎች» ይባላል፤ ሼርቡር ታሪኩ የሚፈጸምባት የፈረንሳይ የወደብ ከተማ ናት። ዣክ ዴሚ የሠራው ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1964 ወጣ፣ በዚያው ዓመትም የካን ፌስቲቫልን ትልቁን ሽልማት ወሰደ።

መጀመሪያ ላይ ልታቋርጡት ያምራችኋል፣ እወቁት። ምክንያቱም ከመነሻው እስከ መድረሻው ተራ ንግግር የሚባል ነገር የለም፤ ሰላምታው በዜማ፣ «ሞተሩ ተሠራ» በዜማ፣ «ደብዳቤ አልመጣም?» በዜማ። ፊልሙ ጋራዥ ውስጥ ይጀምራል። መካኒኮቹ ከሥራ ሊወጡ ሲታጠቡ ማታ የት እንደሚሄዱ ያወራሉ፤ አንደኛው ኦፔራ አይመቸኝም፣ እኔ ሲኒማ ይሻለኛል ይላል። ይህንንም የሚለው እየዘፈነ ነው! ዴሚ ተመልካቹ ሳይቀድመው በራሱ ቀለደና ተገላገለ። አባቱ ናንት በምትባል የፈረንሳይ ከተማ ውስጥ ጋራዥ ነበረው፣ ስለዚህ ቅባት የነካው ቱታ ለሱ እንግዳ ነገር አይደለም። ትንሽ ታገሱ፣ ጆሯችሁ ይለምደዋል። የሚሼል ለግራን ሙዚቃ ቀድሞ ተቀርጾ ነበር፤ ተዋንያኑ ከንፈራቸውን ከሱ ጋር እያገጣጠሙ ነው የተወኑት። ዋናዋን ልጅ፣ ዥንቪየቭን የምትጫወተው ካትሪን ዴኔቭ ያኔ ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። የምትሰሙት ድምፅ ግን የሷ አይደለም፣ የዘፋኟ የዳንየል ሊካሪ ነው።

ታሪኩ ቀላል ነው። ጊ መካኒክ ነው፣ ዥንቪየቭ ደግሞ እናቷ የጃንጥላ ሱቅ ያላት ወጣት። ዘመኑ 1957 ነው፤ ልጁ ለውትድርና ይጠራና ወደ አልጄሪያ ጦርነት ይሄዳል። ልጅቷ አርግዛለች። ደብዳቤው አልፎ አልፎ ነው የሚመጣው። እናትየዋ ዕዳ ተቆልሎባት የዕንቁ ሐብሏን ልትሸጥ ጌጣጌጥ ቤት ትሄዳለች፤ ሮላን የሚባለውን ሀብታም ነጋዴ የሚያገኙትም እዚያው ነው። አያችሁ? ሁለተኛው ሰው ታሪኩ ውስጥ የሚገባው በዕዳ በር ነው።

እና እስቲ ክፉውን ሰው ፈልጉልኝ። የለም። ሮላን የሌላ ሰው ልጅ መሆኑን እያወቀ አብረን እናሳድገዋለን የሚል ሰው ነው። እናትየዋም የሱቋ ነገር አስጨንቋት፣ የልጇ ነገር አስጨንቋት ነው። ዥንቪየቭን «ከሃዲ» የሚሏትን እሰማለሁ፤ እኔ በጭራሽ አልስማማም። ገና ልጅ ናት፣ ሆዷ እየገፋ ነው፣ የጊ ፊት ከትዝታዋ እየጠፋ መሆኑ ራሷን ያስፈራታል። ጦር ሜዳ ወይ ዓረብ አገር የሄደ ሰው ጠብቆ የሚያውቅ አይፈርድባትም። እናንተ ብትሆኑ ይህን ታሪክ ስትጽፉ አንድ ምቀኛ ትጨምሩበት ነበር፣ አውቃችኋለሁ። አትጨምሩ።

አሁን ወደ ሙያዬ ልምጣ። ቀለሙ! ሮዝ፣ ብርቱካናማ፣ ደማቅ አረንጓዴ፣ ሐምራዊ፣ ሁሉም እርስ በርሱ እየተጋፋ። ይህ በኮምፒውተር የተቀባ አይደለም። ቤርናር ኤቨን የሚባለው የዲኮር ባለሙያ የከተማዋን እውነተኛ ግድግዳዎች በብሩሽ ነው ያስቀባው፤ ልብሱም ከግድግዳ ወረቀቱ ጋር ተመክሮበት ነው የተመረጠው። አንድ ቦታ ላይ ነፍሰ ጡሯ ዥንቪየቭ የለበሰችው አበባ አበባ ቀሚስ ከኋላዋ ካለው ግድግዳ ጋር ሊዋሃድ ምንም አይቀረው፤ ልጅቷ እዚያ ቤት ውስጥ ሟሙታ የምትቀር ይመስላል። አቁማችሁ እዩት። አንድም ቃል ሳይወጣ ምርጫ እንደሌላት ገባችሁ ማለት ነው። እናንተ ፊልተር ጭናችሁ «ከለር ሠራን» ስትሉ የምናደደው ለዚህ ነው፤ ቀለም ከቀረጻ በኋላ የሚረጭ ሽቶ አይደለም።

መጨረሻውን አልነግራችሁም። የሚያልቀው ነዳጅ ማደያ ላይ መሆኑን ብቻ ልንገራችሁ፤ በረዶ ይጥላል፣ መኪና ይቆማል፣ ሠራተኛው የትኛውን ቤንዚን ልሙላ ብሎ ይጠይቃል። የሚያስለቅሳችሁ ትዕይንት መሀል ላይ ነው ይህ ጥያቄ የሚመጣው። ሌላ ዳይሬክተር ቆርጦ ይጥለው ነበር።

ኢንተርኔት ላይ የደበዘዘ ኮፒ ካገኛችሁ ተዉት፣ የታደሰውን ፈልጉ። የዚያ ዘመን የቀለም ኔጋቲቭ፣ ማለትም ካሜራው ላይ የተቀረጸው ዋናው ፊልም፣ ቶሎ ይደበዝዝ ነበር። ዴሚ ግን ሦስቱን መሠረታዊ ቀለሞች ለየብቻ በጥቁርና ነጭ ፊልም አስገልብጦ አስቀምጦ ነበር። እሱ በ1990 ከሞተ በኋላ ባለቤቱ አኜስ ቫርዳ፣ እሷም ትልቅ ዳይሬክተር ነበረች፣ ከዚያ ላይ ቀለሙ እንዲመለስ አደረገች። እናንተስ? ቀረጻችሁን አንዲት ፍላሽ ላይ አድርጋችሁ ኪሳችሁ ውስጥ ይዛችሁ የምትዞሩ! ዛሬውኑ ሁለት ቦታ ገልብጡት።

ደግሞ ለመጀመሪያ ቀጠሮ ማንንም እንዳትጋብዙበት። ከዚያ በኋላ እራት ላይ የምታወሩት ይጠፋችኋል።