«ሹራብ መሥራቴ እንጀራ ይሆነኛል ወይ?»

ከደብረ ብርሃን የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሌላውም አንባቢ እንዲከተለን ጥያቄሽን ባጭሩ ላስቀምጠው። በአካውንቲንግ ተመርቀሻል። የመውጫ ፈተናውንም አልፈሻል። ሥራ ግን እስካሁን አልተገኘም። የምትኖሪው ከእናትሽ ጋር ነው። ቤታችሁ አንዲት ድመትና ቡቺ የሚባል ውሻ አሉ። ሹራብና ዳንቴል መሥራት የጀመርሽው ገና ተማሪ ሳለሽ ነው። አሁን በእጅሽ ያለውንም ዘርዝረሽልኛል፦ አንድ እጅጌ የቀረው የወንድምሽ ሹራብ፣ ግማሹ ላይ የቆመ የአልጋ ልብስ፣ ለጎረቤት አራስ የጀመርሽው የሕፃን ኮፍያና ካልሲ፣ የእናትሽ የጠረጴዛ ዳንቴል፣ ከትርፍራፊ ክር ለቡቺ የሠራሽለት ልብስ። እናትሽ «ይሄ ጊዜ ማሳለፊያ ነው፤ ፋብሪካ ግቢና ደሞዝተኛ ሁኚ» ይሉሻል። ጓደኞችሽ ደግሞ «ሽጪው እንጂ፣ ቢዝነስ ነው!» ይላሉ። ማንን ልስማ ብለሽ ነው የጻፍሽልኝ።

እኔን የያዘኝ ያ ዝርዝር ነው። ከአምስቱ ውስጥ ያለቀው የቡቺ ልብስ ብቻ ነው። ይህን የምልሽ ልወቅስሽ አይደለም። ሰው ለራሱ ደስታ ሲሠራ አንዱን ትቶ ሌላውን ቢጀምር መብቱ ነው። አዲስ ክር፣ አዲስ ቀለም፣ አዲስ አሠራር፣ ደስታው እዚያ ነው። ለገበያ ሲሆን ግን ነገሩ ይገለበጣል። ገበያ የሚፈልገው ያንኑ ኮፍያ፣ በዚያው ልክ፣ በዚያው ጥራት፣ በተባለው ቀን ነው። ደጋግሞ! ስለዚህ «ችሎታ አለኝ ወይ?» የሚለውን ተይው፤ ፎቶዎቹን አይቻለሁ፣ እጅሽ ጎበዝ ነው። ጥያቄው «አንድን ነገር ደጋግሜ መሥራት እወዳለሁ ወይ?» ነው። መልሱን ደግሞ እኔም እናትሽም ልንነግርሽ አንችልም። ሞክረሽ ነው የምታውቂው።

ሙከራው ይህ ነው። አንድ ዕቃ ምረጪና አሥር ጊዜ ሥሪው። እኔ ብሆን የሕፃን ኮፍያና ካልሲ በአንድ ላይ አድርጌ እመርጥ ነበር። ምክንያቱን ልንገርሽ። በእኛ አገር አራስ ሲጠየቅ ባዶ እጅ አይኬድም። ክርስትናም አለ፤ ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን። ይህ ለአንቺ ትልቅ ነገር ነው። ልጁ እንደተወለደ የምታስረክቢበት ቀን ይታወቃል። ደንበኛሽም ቸኩሎ አይጨቀጭቅሽም፣ አንቺም «ነገ፣ ከነገ ወዲያ» አትዪም። ብርዱም ያግዝሻል። የደብረ ብርሃንን የጥቅምትና የኅዳር ውርጭ አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ሕፃን ራሱን ሳይሸፍን አይውልም። ሥራውም ትንሽ ነው፤ ክር ቢበላሽብሽ ኪሳራው አይጎዳሽም።

በፊት በግምት ትሠሪ ከነበረ አሁን በልክ ሥሪ። መጀመሪያ በዚያው ክርና በዚያው መርፌ ከ10 ሴንቲ ሜትር ትንሽ ሰፋ ያለ ናሙና ሥሪ። እጠቢው፣ ይድረቅ፣ ከዚያ በአንድ ረድፍ ላይ በ10 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ስንት የክር ቀለበት እንዳለ ቁጠሪ። እንበል 22 ሆነ፤ በአንድ ሴንቲ ሜትር 2.2 ማለት ነው። አዲስ የተወለደ ሕፃን የራሱ ዙሪያ 35 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ኮፍያው ተለጥጦ እንዲይዝ ወደ 32 ዝቅ ታደርጊዋለሽ። 32 በ2.2 ሲባዛ 70 ቀለበት ገደማ ይሆናል። ይህችን ቁጥር ደብተር ላይ ጻፊያት። ከዚህ በኋላ ለዚያ ክር ስትሠሪ አትገምቺም፣ አትፈቺም።

የወንድምሽ ሹራብ ለምን እንደቆመ ስትነግሪኝ «ያው ቀለም ገበያ ላይ ጠፋብኝ፣ ያገኘሁትም ትንሽ ይለያል» ብለሻል። በክሩ ወረቀት ላይ ከቀለሙ ቁጥር ሌላ አንድ ቁጥር አለ። በአንድ ዙር አብሮ የተቀለመውን የሚለይ ነው። የቀለሙ ቁጥር አንድ ሆኖ የዙሩ ቁጥር ከተለያየ፣ ሱቅ ውስጥ የማይታይ ልዩነት ፀሐይ ላይ ፍጥጥ ብሎ ይወጣል። ለትልቅ ሥራ ክሩን በአንዴ፣ ከአንድ ዙር፣ አንድ ልቃቂት ጨምረሽ ግዢ። ለእጅጌው ደግሞ አንድ መላ አለ። አዲሱን ክርና አሮጌውን ሁለት ሁለት ረድፍ እያፈራረቅሽ ሥሪው፤ ልዩነቱ ይሟሟል።

አሁን ወደ ዋጋ። እዚህ ላይ ብዙ እጀ ጎበዝ ሴቶች ሲጎዱ አያለሁ፤ ያናድደኛልም። የክሩን ዋጋ ብቻ ይቆጥሩና «ምን አለው፣ ቁጭ ብዬ ነው የሠራሁት» ይላሉ። ቁጭ ብሎ መሥራትም ሥራ ነው። አንቺ ደግሞ አካውንታንት ነሽ። እንበል ለአንዱ ሥራ ክሩ 250 ብር ወጣ። 8 ሰዓት ፈጀብሽ፤ ሰዓቱን በ50 ብር ብታስቢው 400 ነው። ማሸጊያና ትራንስፖርት 50 ጨምሪ። 700 ብር መጣ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ናቸው፤ የራስሽን አስገቢ። ገበያው 700 የማይከፍል ከሆነ ሁለት መንገድ አለሽ፦ ሰዓቱን መቀነስ ወይም ዕቃውን መቀየር። የራስሽን ሰዓት ከሒሳቡ መሰረዝ ግን መንገድ አይደለም። ሰዓቱን በእጅ ስልክሽ ያዢ። መርፌ ስታነሺ ጀምሪ፣ ስታስቀምጪ አቁሚ።

ይሉኝታን ደግሞ ተጠንቀቂ። «ለእኔማ በነፃ ነው አይደል?» የሚል ዘመድ አይጠፋም። ለምትወጂው ሰው ስጦታ መስጠት ሌላ ነገር ነው፤ ስጪ። ትዕዛዝ ከሆነ ግን ቀብድ ሳትቀበዪ ክር አትግዢ። ግማሹን በቴሌብር ይላኩ፣ ቀሪውን ሲረከቡ። ዱቤ አትጀምሪ።

የትምህርት ቤት ሹራብ ልሥራ ወይ ብለሻል። አልመክርሽም። እሱ የሹራብ ማሽን ሥራ ነው። በእጅ ሠርተሽ በማሽን ዋጋ መሸጥ ዓይንሽንና ትከሻሽን መጨረስ ነው።

አያትሽ መንዝ ሞላሌ ናቸው፣ አሁንም የበግ ጠጉር ይፈትላሉ ብለሻል። ይህን በደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ እንደ ዘበት ነው የጣልሽው። ለእኔ ግን ትልቁ ሀብትሽ ይህ ነው። መንዝ በባናው፣ በሱፍ ብርድ ልብሱ፣ የታወቀ አገር ነው፤ ሴቶች ይፈትላሉ፣ ወንዶች ይሸምናሉ። የመንዝ በግ ጠጉር ግን ሻካራ ነው። ለሕፃን አንገት አይሆንም፤ ያሳክካል። ለሌላ ግን ጥሩ ነው። ከበድ ላለ የቤት ውስጥ ጫማ፣ ለመቀመጫ፣ ለቦርሳ ይሆናል። የንጹሕ ሱፍን ጠባይ ታውቂዋለሽ፤ በሙቅ ውሃ ሲታሽ ይኮማተራል። ብዙዎች ሹራባቸውን ያጡት በዚህ ነው። አንቺ ደግሞ ይህንኑ ጠባይ ሆን ብለሽ ተጠቀሚበት። ጫማውን ከእግር ልክ አስፍተሽ ሥሪ፣ ከዚያ በሙቅ ውሃና በሳሙና እሺው። ይጠብቃል፣ ይወፍራል፣ ብርድ አያስገባም። በአክሪሊክ፣ ማለትም በሰው ሠራሽ ክር፣ ይህ አይሆንም፤ አክሪሊክ አይኮማተርም። ምን ያህል አስፍቶ መጀመር እንደሚያስፈልግ በናሙና ለኪ፤ ሳታሺው በፊትና ካሸሽው በኋላ። ለበዓል ወደ አያትሽ ስትሄጂ አንድ ልቃቂት ፈትል ይዘሽ ተመለሺ። ሲፈትሉ አጠገባቸው ቁጭ ብለሽ እዪ፣ ጠይቂ። የአያት ሙያ እንዲህ ቅርብ ሆኖ የሚገኘው ለጥቂት ሰው ነው። ፈትሉን ለሽያጭ የምትፈልጊው ከሆነ ደግሞ ለእሳቸውም ክፈዪ።

ስለ ድመቷና ስለ ቡቺ ያነሳሽው ቀልድ አይደለም። ድመቷ የክር ቅርጫቱ ውስጥ ትተኛለች ብለሻል። ጠጉር ያለበት የሕፃን ኮፍያ ለደንበኛ አይሰጥም። ክዳን ያለው የፕላስቲክ ዕቃ ግዢ፣ የሽያጭ ክር እዚያ ብቻ ይደር። አልቆ የታጠበውን ወዲያው አሽጊው። ከደንበኛው በላይ የሚያሳስበኝ ግን ድመቷ ራሷ ናት። የድመት ምላስ ላይ ወደ ኋላ የተቀለበሱ ትናንሽ እሾሆች አሉ። ክር ከገባ መትፋት ይከብዳታል፣ ትውጠዋለች። ክር ደግሞ አንጀትን ይሰበስባል፣ ይቆርጣልም። አፏ ወይም ከኋላዋ ክር ተንጠልጥሎ ብታዪ በፍጹም እንዳትጎትቺ፤ ቶሎ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ውሰጃት። እሷ የራሷ ቦታ ይኑራት። ከዚያ ሻካራ የመንዝ ፈትል አንድ መኝታ ብትሠሪላት ቅርጫቱን ትተውልሻለች ብዬ አስባለሁ።

ለውሻ ልብስ ልሽጥ ወይ ላልሽው፦ በእኛ አካባቢ ውሻ በብዛት ደጅ ጠባቂ ነው፤ ልብስ የሚገዛለት ሰው ጥቂት ነው። አዲስ አበባ በቴሌግራም ፈላጊ ሊገኝ ይችላል። ዋና ገቢ አታድርጊው። ቡቺ ግን ይልበስ፣ ያምርበታል! ቁልፍ አትትከዪበት፣ በጥርሱ ነቅሎ ይውጠዋል። የእብድ ውሻ ክትባቱንም በየዓመቱ አስከትቢው።

ወደ ፋብሪካው እንምጣ። የደብረ ብርሃን ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2011 ዓ.ም. ሲመረቅ ዋና ትኩረቱ ልብስ ነበር። ስፌት መስመር ላይ ከገባሽ አንዷ እጅጌ፣ ሌላዋ ኮሌታ ነው የምትሠራው። ያንቺ የሹራብ ችሎታ እዚያ ቦታ የለውም። እናትሽ «ፋብሪካ» ሲሉ ግን አእምሮሽ ወደ ስፌቱ ብቻ አይሂድ። ልብስ የሚያመርት ድርጅት ሁሉ የዕቃ ግምጃ ቤት፣ የደሞዝ ሒሳብና የምርት ወጪ ስሌት ሠራተኛ ይፈልጋል። «ዜሮ ዓመት የሥራ ልምድ» የሚል ማስታወቂያ ሲወጣ አመልክቺ። ሙከራውን እየሠራሽ ማመልከቱን እንዳታቆሚ። አንዱ ሌላውን አይከለክልም፤ ሹራብ የምሽት ሥራ ሊሆን ይችላል።

አሥሩን ከጨረስሽ በኋላ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። አምስተኛው ላይ ከሰለቸሽ፣ ለራስሽና ለምትወጃቸው ሥሪ፤ ለኑሮሽ የሒሳብ ሥራውን አጥብቀሽ ፈልጊ። በዚህ ምንም አልከሰርሽም። አሥረኛው ላይ እጅሽ ከፈጠነና ቢያንስ ግማሹ ለማታውቂያቸው ሰዎች ከተሸጠ ደግሞ፣ ቀበሌሽ ሄደሽ ስለ ሥራ ዕድል ፈጠራና ስለ ንግድ ፈቃድ ጠይቂ። ብድር ግን ቶሎ አታስቢ። ፀደይ ባንክም ሆነ ሌላው ወለድ ያስከፍላል፤ የሹራብ ሥራ ደግሞ በትንሽ ገንዘብ ይጀመራል። በሁለቱም መንገድ ግን የማይሸጥ አንድ ሥራ ሁልጊዜ በእጅሽ ይኑር። የእናትሽ ዳንቴል ይሁን። በእሱ ላይ ሰዓት አትያዢ።

ያቺን ደብተር ደግሞ በደንብ ያዢያት። ክሩ በግራም፣ ሰዓቱ፣ ወጪው፣ የተሸጠበት ዋጋ፣ ቀኑ፣ በየዓምዱ። ለምርት ወጪ ሒሳብ ሥራ ቃለ መጠይቅ ብትጠሪ ይዘሻት ግቢ። «ልምድ አለሽ?» ሲሉሽ ጠረጴዛው ላይ ክፈቺላቸውና የአንዱ ኮፍያ ወጪ ከመጀመሪያው እስከ አሥረኛው እንዴት እንደቀነሰ በራስሽ ቁጥር አሳዪያቸው።