ከክላረንስ ጎዳና በላይ የነበሩት ሽቦዎች

ጥያቄ፦ ከለንደን በስተደቡብ ምዕራብ በምትገኘው በኪንግስተን ነው የምኖረው። ከአሮጌ ዕቃ ገበያ የገዛሁት ፎቶግራፍ ክላረንስ ጎዳናን ያሳያል። ቤንቶልስ በተባለው ትልቅ መደብር አጠገብ ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ቆሞ፣ ከጣራው የወጡ ሁለት ረጃጅም ዘንጎች ሽቦ ነክተዋል። ጀርባው ላይ ቀን አልተጻፈም። ትራም ነው ወይስ አውቶቡስ? ዘመኑንስ እንዴት ላውቅ እችላለሁ?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ የሚፈልጉት ፍንጭ ዘንጎቹ ላይ ነው። ትራም ኤሌክትሪኩን ከሽቦ በአንድ ዘንግ ተቀብሎ በሐዲዱ በኩል ስለሚመልሰው በተለምዶ አንድ ሽቦ ይበቃዋል፤ በጎማ የሚሄደው ግን ሐዲድ ስለሌለው መመለሻ የሚሆነው ሁለተኛ ሽቦ የግድ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ያዩት ትሮሊባስ፣ ማለትም ከሽቦ ኤሌክትሪክ እየወሰደ በጎማ የሚሄድ አውቶቡስ ነው፤ ሞተሩ ኤሌክትሪክ በመሆኑ እንደ ናፍጣ አውቶቡስ አይጮህም ነበር።

ዘመኑን ለማጥበብ ከተማዎ ታግዝዎታለች። የለንደን ትሮሊባስ ሥራ የጀመረው በእናንተው አካባቢ፣ በትዊከናም፣ እ.ኤ.አ. በ1931 ሲሆን፣ የመጨረሻው ሜይ 8 ቀን 1962 ሌሊት በዚያው አቅራቢያ ወዳለው ፉልዌል ዴፖ (የተሽከርካሪዎች ማደሪያ) ገብቷል። በስንብቱ ቀን ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት የመጀመሪያ የነበረችው ቁጥር 1 መኪና ለክብር ወጥታ መሄዷ፣ እንግሊዞች ለአሮጌ አውቶቡስ ያላቸውን ፍቅር ያሳያል። የቤንቶልስ የፊት ግድግዳ ደግሞ የ1930ዎቹ ሥራ ስለሆነ፣ ያ ግድግዳ በፎቶው ላይ ከታየ ከ1930ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የተነሣ ነው። አሁን የአውቶቡሱን የጭቃ መከላከያ ጫፍ በማጉያ መነጽር ይመልከቱ፤ ነጭ ቀለም ከተቀባ፣ መብራት በሚጠፋበት የጦርነት ጊዜ፣ ማለትም ከ1939 እስከ 1945፣ በጨለማ እንዲታይ የተደረገ ሊሆን ይችላል።

ለትሮሊባሱ መቅረት ምክንያቱ ወጪ ነበር፤ ያረጁትን ሽቦዎችና የኃይል ጣቢያዎች ከማደስ ይልቅ ናፍጣ አውቶቡስ መግዛት ይረክስ ነበር፤ መስመር መለወጥም ይቀላል። በእኔ አስተያየት ግን ጎዳናውን ይበልጥ የለወጠው የሽቦው መነሣት ሳይሆን ኋላ የመጣው ለእግረኛ መተው ነው። ቤንቶልስም ቢሆን በ1992 የተከፈተው የገበያ ማእከል ከኋላው አዲስ ተሠርቶ፣ የፊቱ ግድግዳ ብቻ እንደነበረ ቀርቷል። የ601 ቁጥር ትሮሊባስን መስመር የተረከበው 281 ቁጥር አውቶቡስ ዛሬም በኪንግስተን በኩል ወደ ቶልዎርዝ ይመላለሳል።