የጠላቂ ኮምፒውተርን በላስቲክ ገመድ ከእጅ ላይ ስለማሰር

ጥያቄ፦ ውሃ ውስጥ ስጠልቅ ጥልቀትንና ጊዜን እንዲያሳየኝ እጄ ላይ ከማስረው ኮምፒውተር ጋር አብሮ የመጣው የጎማ ማሰሪያ በቅርቡ ከዘንጉ አጠገብ ተሰነጠቀ። ከመሰንጠቁ በፊትም ቢሆን አላረካኝም ነበር፤ ከመጥለቄ በፊት አጥብቄ ያሰርሁት ማሰሪያ ጥልቅ ቦታ ስደርስ ይላላና ኮምፒውተሩ ዞሮ ወደ ክንዴ ሥር ይገባል። የምለብሰው ባለ 5 ሚሊ ሜትር የኒዮፕሪን የመጥለቂያ ልብስ ነው። አንዳንድ ጠላቂዎች በማሰሪያ ፈንታ ባንጂ የሚባለውን ላስቲክ ገመድ ሲጠቀሙ አይቻለሁ፤ የእኔ ኮምፒውተር ግን ለገመድ የተዘጋጀ ቀዳዳ የለውም፤ ያሉት ማሰሪያው ይያዝባቸው የነበሩ ሁለት ዘንጎች ብቻ ናቸው። ጎኑን በስቼ ገመድ ባስገባበት ምን ይላሉ? አንድ ገመድስ ይበቃል?

መልስ፦ ኮምፒውተሩን ፈጽሞ አይብሱት። የቀፎው ግድግዳ የት ላይ ስስ እንደሆነ፣ ውሃ የሚከለክለው ጎማም በየት በኩል እንደሚያልፍ ከውጭ አይታይም፤ በአንድ ሚሊ ሜትር ስሕተት ውሃ ከገባበት በኋላ የሚቀርልዎ ጌጥ ብቻ ነው። መበሳት ያለበት ኮምፒውተሩ እንዲቀመጥበት ለብቻው የሚሠሩለት ሰሌዳ ነው።

ማሰሪያው የሚላላው እርስዎ አሳስተው ስላሰሩት አይደለም። ኒዮፕሪን እጅግ ብዙ ጥቃቅን የጋዝ አረፋዎችን የያዘ ጎማ በመሆኑ፣ ግፊቱ 10 ሜትር ላይ ከውሃው ወለል 2 እጥፍ፣ 30 ሜትር ላይ ደግሞ 4 እጥፍ ሲደርስ አረፋዎቹ ይጨመቃሉ፤ ልብሱም ይሳሳል። ልብስዎ በ2 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢሳሳ እንኳ የክንድዎ ዙሪያ ወደ 12 ሚሊ ሜትር ይቀንሳል። የተቆለፈ ማሰሪያ ይህን ሊከተል አይችልም፤ ተለጥጦ የታሰረ ላስቲክ ግን ልብሱ ሲሳሳ ይሰበሰባል፣ ሲያብጥ ይለጠጣል።

ለሰሌዳው እኔ የምመርጠው የወጥ ቤት መክተፊያ የሚሠራበትን ነጭ ፖሊኤቲሊን ነው። 6 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ይበቃዋል፤ ጨው አይበላውም፣ በእጅ መጋዝ ይቆረጣል፣ ጠርዙም በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል። የፒቪሲ ቱቦ ቆርጠው በእሳት እያለሰለሱ በክንዳቸው ልክ የሚያጎብጡም አሉ፤ ውጤቱ ያማረ ቢሆንም ፒቪሲ ከመጠን በላይ ሲግል ሳንባ የሚጎዳ ጭስ ስለሚያወጣ ለመጀመሪያ ሥራ አልመክረውም።

ሰሌዳውን በሁለቱ ዘንጎች በኩል ከኮምፒውተሩ አንድ አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል እንዲረዝም አድርገው ይቁረጡት፤ መካከሉን ደግሞ እንደ መስኮት ይክፈቱት። ይህን መስኮት እንደ ጌጥ አይዩት። የግፊቱ መለኪያ ቀዳዳ በብዙ ኮምፒውተሮች ጀርባ ወይም ጎን ላይ የሚገኝ ሲሆን፣ ውሃ ሲነካቸው መሣሪያውን የሚያስነሡ የብረት ነጥቦች ያሏቸውም አሉ፤ እነዚህን የሚደፍን ወይም በሥራቸው አሸዋ የሚያጠራቅም ሰሌዳ መሣሪያውን ሊያሳስት ይችላል። ኮምፒውተሩን ከሰሌዳው ጋር የሚያያይዘው በየዘንጉ ሁለት ጊዜ ዞሮ በትናንሽ ቀዳዳዎች ወደ ታች የሚወርድ፣ የማይለጠጥ ቀጭን የናይለን ገመድ ይሁን። ዘንጎቹ በሞላ (ስፕሪንግ) ኃይል ብቻ የተያዙ ከሆኑ ግን በቡሎን በሚጠብቁ ቢለወጡ ይሻላል፤ አለበለዚያ ሌላው ሁሉ ጠንክሮ ዘንጉ ይወልቃል።

ላስቲኩ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ይሁን፤ በሰሌዳው አራት ማዕዘኖች የሚበሱት ቀዳዳዎች ደግሞ በ5 ሚሊ ሜትር ፑንታ ይውጡ። የየቀዳዳውን ከንፈር፣ በተለይ ገመዱ ታጥፎ ወደ ክንድ የሚዞርበትን የታችኛውን፣ በብርጭቆ ወረቀት በደንብ ያለስልሱት፤ ገመድ ብዙውን ጊዜ የሚበላው እዚያ ላይ ነው።

አንድ ገመድ ይበቃል ወይ ላሉት፣ አይበቃም። በአራቱም ቀዳዳዎች የሚመላለስ አንድ ረዥም ገመድ ለመሥራት ይቀላል፤ ነገር ግን አንድ ቦታ ላይ ከተበጠሰ ኮምፒውተሩ ወደ ታች ይሄዳል። ሁለት አጫጭር ገመዶች፣ እያንዳንዳቸው በራሳቸው ቋጠሮ ቢታሰሩ ግን አንዱ ሲበጠስ ሌላው ይዞ ያወጣዎታል። በዚህ ሥራ ውስጥ ላደራድር የማልችለው ነገር ይህ ነው። ቋጠሮዎቹን በሰሌዳው ላይኛ ፊት ያድርጓቸው፤ ከታች ከሆኑ ክንድ ይወጋሉ። ላስቲክ ሲለጠጥ ስለሚቀጥን ተራ ቋጠሮ ሊሾልክ ይችላል፤ የስምንት ቅርጽ ያለውን ይቋጥሩና ከቋጠሮው ውጭ 2 ሳንቲ ሜትር ጭራ ይተዉለት። ጫፉን በላይተር ነበልባል ዳር ይዘው የውጭ ሽፋኑ ሲቀልጥ ይዘጋል፤ ውስጡ ጎማ ስለሆነ ይህንን ደጅ ወጥተው ያድርጉት፣ የቀለጠውንም በጣት አይጫኑት።

ርዝመቱ የሚለካው ልብሱ ተለብሶ ነው። እኔ የመጀመሪያውን በባዶ ክንዴ ለክቼ ሠራሁትና ልብሱን ለብሼ ሳጠልቀው ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ጣቶቼ ደነዘዙ። በልብሱ ላይ የክንድዎ ዙሪያ 22 ሳንቲ ሜትር፣ በሁለቱ ማዶ ለማዶ ቀዳዳዎች መካከል ያለው ደግሞ 7 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። ለገመዱ የሚቀረው 15 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ከዚህ አንድ አምስተኛውን ቀንሰው ሳይለጠጥ 12 ሳንቲ ሜትር እንዲሆን አድርገው ይቋጥሩት። ለቋጠሮና ለማስተካከያ ሲባል ግን ሲቆርጡ ከ30 ሳንቲ ሜትር አያሳንሱት፤ ትርፉ በኋላ ይቆረጣል። ጓንት ያደረገ እጅ ሊያልፍበት ይገባል፤ ከታሰረ በኋላም እጅዎን ሲጨብጡና ሲዘረጉ የጣትዎ ቀለም መለወጥ የለበትም። ውሃ የማያስገባውን «ደረቅ ልብስ» የሚለብስ ጠላቂ ደግሞ ገመዱን የእጅ አንጓው መዝጊያ ላይ ሳይሆን ከእርሱ ከፍ አድርጎ ቢያስር ውሃ አይገባበትም።

መጀመሪያ በገንዳ ወይም በጥልቀት በማያሰጋ ውሃ ይሞክሩት፤ ከዳር ዘለው ይግቡ፣ እጅዎን ያወናጭፉ፣ ከዚያም የኮምፒውተሩን ፊት ሳያስተካክሉ ማንበብ መቻልዎን ይመልከቱ። ከየመጥለቁ በኋላ በጨው አልባ ውሃ ያለቅልቁት፤ ፀሐይ ላይ ግን አያስጡት፤ ጎማን ከጨው ይልቅ የምትጎዳው ፀሐይ ናት። በሽፋኑ ስንጣቂ የውስጡ ጎማ ከታየ ወይም ገመዱ ተለጥጦ ወደ ቀድሞ ርዝመቱ ካልተመለሰ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይለውጡ። እንደገና ከመለካት እንዲድኑ፣ ልክ ሆኖ ያገኙትን ርዝመት በሰሌዳው ጀርባ ላይ በማይለቅ ማርከር ይጻፉት።